በአሮጌ የኪራይ ቤቶች ስላለው የእርሳስ (ሊድ) ቀለም ለዲሲ አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ የኢነርጂና የአካባቢ ጥበቃ መምሪያ
ዋሽንግተን ዲሲ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
በከተማው ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ተከራዮችና አከራዮች

ጉዳዩ፦ ከ1978 በፊት የተሠሩ የኪራይ ቤቶች ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ከእርሳስ ብናኝ ነጻ መሆናቸው እንዲመረመር መጠየቅን ይመለከታል

ክቡራን፣

እኔ በፔትዎርዝ አካባቢ በኪራይ የምኖር፣ እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው ወገኖቼም የኪራይ ውል በማንበብና ከአከራይ ጋር ሲነጋገሩ በማስተርጎም የማግዝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከተማችን ሕፃናትን ከእርሳስ ቀለም ለመጠበቅ የዘረጋችው ሥርዓት አንድ ቦታ ላይ እየተበጠሰ ስላየሁ ነው። ሥርዓቱ በተግባር ሥራውን የሚጀምረው ተከራይዋ «ትንሽ ልጅ አለኝ» ወይም «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብላ ስትናገር ነው፤ እኔ የማውቃቸው ብዙ እናቶች ግን ቤት ሲፈልጉ አስቀድመው የሚደብቁት ይህንኑ ነው። በደብዳቤው የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እገልጻለሁ።

ለእናንተ የታወቀ ቢሆንም ግልባጩ ለሚደርሳቸው ወገኖች ስል ነገሩን ከመሠረቱ ላስረዳ። እዚህ አገር ሊድ የሚሉት፣ በአማርኛ እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት፣ ቀለምን ስለሚያጠነክርና ቶሎ እንዲደርቅ ስለሚያደርግ ለብዙ ዘመን ከቤት ቀለም ጋር ሲቀላቀል ኖሯል። ጎረቤታችን ባልቲሞር በ1951 በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይቀባ ስትከለክል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ግን እስከ 1978 ድረስ ቆይቷል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው ከ1940 በፊት ከተሠሩት የአሜሪካ ቤቶች 87 በመቶ፣ ከ1940 እስከ 1959 ከተሠሩት 69 በመቶ፣ ከ1960 እስከ 1977 ከተሠሩት ደግሞ 24 በመቶ የሚሆኑት ይህ ቀለም አለባቸው። ወገኖቻችን በብዛት የተከራዩአቸው የፔትዎርዝ፣ የኮሎምቢያ ሃይትስና የብራይትዉድ ተያያዥ የጡብ ቤቶች አብዛኞቹ የሚመደቡት ከእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘመናት ከተሠሩት ውስጥ ነው።

ቀለሙ ግድግዳው ላይ ሳይላጥና ሳይፋቅ እስከተቀመጠ ድረስ ያን ያህል አያሰጋም። ችግሩ የሚጀምረው በመስኮቱና በበሩ ነው። ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ የሚከፈተው አሮጌ የእንጨት መስኮት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፤ ከላይ አምስት ጊዜ አዲስ ቀለም ቢቀባበትም ከሥር ያለው የድሮ ቀለም እየተፈጨ ይወርዳል። በእኛ ቤት መስኮት የሚከፈተው ለነፋስ ብቻ አይደለም። ቡና በተቆላ ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ይከፈታል፣ አቦሉ ሲቀዳ ይዘጋል፤ ይህም በክረምቱ ብርድ ሳይቀር የሚደረግ ነው። መስኮቱ የሚያርፍበትን ቦይ በጣት ቢጠርጉት እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ብናኝ፣ መሐል መሐሉ ላይም የጥፍር ቁራጭ የሚመስል የቀለም ቅርፊት ይወጣል። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ደግሞ ውጭውን ለማየት የሚንጠለጠለው በዚያው መስኮት ደፍ ላይ ነው፤ ጥርሱ እየወጣ ከሆነም ደፉን ይነክሳል። እናቲቱ ንጽሕና ወዳድ ስለሆነች በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች፣ በመጥረጊያም ትጠርገዋለች፤ ብናኙ ግን ተነሥቶ ምንጣፉ፣ መጫወቻውና የሕፃኑ እጅ ላይ ያርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ውስጥ ሰውነታቸው የሚወስደው መጠን ከአዋቂ አራት እስከ አምስት ጊዜ ይበልጣል። እርሳሱ በካልሲየም ምትክ ገብቶ አጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል፤ ትኩረትን፣ የመማር ችሎታንና ጠባይን ያውካል፤ የደረሰውን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒትም የለም። አገር አቀፉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2021 የማሳሰቢያውን መጠን በአንድ ዴሲሊትር ደም ወደ 3.5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጎታል፤ ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠን ግን አልተገኘም። በዚህ መጠን ላይ ያለ ልጅ አያስለው፣ አያተኩሰው፣ ምግብ አይዘጋው። የዲሲ ሕግ እያንዳንዱ ሕፃን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ደሙ እንዲመረመር የሚያዝዘው ስለዚህ ነው፤ ትእዛዙም መልካም ነው። ሆኖም ይህ ምርመራ የሚነግረን መርዙ ወደ ልጁ ሰውነት ከገባ በኋላ ነው። ቤቱ አስቀድሞ ካልተመረመረ የቤቱን ጉድለት የሚያሳየን የሕፃኑ ደም ብቻ ይሆናል፤ እኔ አቤቱታ የማቀርበውም በዚህ ላይ ነው።

አሁን ያለው ሕግ ምን እንደሚል እንመልከት። በ1992 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ከ1996 ጀምሮም በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን እንዲያሳውቅና አንድ መረጃ ሰጪ ጥራዝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። እንዲመረምር ግን አያስገድደውም። በማሳወቂያው ቅጽ ላይ ካሉት ምርጫዎች አንዱ «ስለ ጉዳዩ ምንም አላውቅም» የሚል ስለሆነ፣ እኔ ካስተረጎምኳቸው ውሎች በብዙዎቹ ላይ ምልክት የተደረገበት ይኸው ነው። አንዴ ያስመረመረ አከራይ ያወቀውን ሁሉ ለቀጣዩ ተከራይ የመግለጽ ግዴታ ይመጣበታል፤ ያላስመረመረው ግን በአንድ ምልክት ይገላገላል። አለማወቅ ከማወቅ የሚያዋጣ ሲሆን ሰው ምን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

በ2008 የወጣው የከተማችን ሕግ ከዚህ እጅግ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት የሚላጥ ቀለም ሁሉ፣ አለመሆኑ በምርመራ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ እርሳስ እንዳለበት ይቆጠራል። ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ሴት እንደምትኖርበት ወይም አዘውትራ እንደምትመጣበት የሚያውቅ ወይም ማወቅ የሚገባው አከራይ፣ ቤቱ ከእርሳስ ብናኝ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥና ከ12 ወር ያልበለጠው ሪፖርት ለተከራይዋ ይሰጣል። ቀድሞ የገባች ተከራይም በጽሑፍ አሳውቃ ሪፖርቱን መጠየቅ ትችላለች። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። በአንድ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ኪራይ ላይ ሲደርስ ግን እንደሚከተለው ይሆናል።

ከአገር ቤት የመጣች እናት ልጇን ይዛ ዘመድ ዘንድ ታርፍና ቤት መፈለግ ትጀምራለች። ቤቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ፣ የምታሳየው የክሬዲት (ብድርና ዕዳ የመክፈል) ታሪክም የሌላት ስለሆነች፣ «ስንት ናችሁ?» ስትባል «ብቻዬን ነኝ» ወይም «ልጄ ከእኅቴ ጋር ናት» ትላለች። ልጅ ስላላት ብቻ ቤት መከልከል በ1988 በተሻሻለው የፌዴራሉ የመኖሪያ ቤት ሕግ በመሠረቱ የተከለከለ መሆኑን የነገራት የለም፤ ቢነግሯትም ተከልክላ ጎዳና ላይ ከምትከራከር ዝም ብላ መግባትን ትመርጣለች። አንዳንዷ ደግሞ ውሉ ላይ ስሟ ራሱ የለም፤ ያጎቷ ልጅ በተከራየው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይዛ ነው የምትኖረው። አከራዩ የሚያውቀው አንድ ወጣት ወንደላጤ መኖሩን ነው። እንዲህ በሆነበት «ማወቅ የሚገባው አከራይ» የሚለው የሕጉ አነጋገር ማንን ይይዛል?

ሌላም አለ። አከራዩ ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ ወይም ጋራዥ ሠርቶ ቤት የገዛ፣ ለተከራይዋም ያለ ክሬዲት ታሪክ፣ በማስያዣ ሳያስጨንቅ በሩን የከፈተላት ሰው ነው። በማኅበር፣ በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ይተያያሉ። እንዲህ ላለው ሰው «ቤትህን አስመርምር» ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ይሉኝታ ይይዛል፤ ተከራይዋም «ጎመን በጤና» ብላ ትቀመጣለች። ችግሩ ጤናው ራሱ በዚያ ቤት አለመኖሩ ነው። መብቱን በጽሑፍ የጠየቀ ተከራይ እንዳይበቀሉት ሕግ እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ይህ ሕግ ግን የሚከላከለው ከመባረር እንጂ ከመኮራረፍ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው የምርመራው ግዴታ ከተከራይዋ አፍ ተነሥቶ ቤቱ ላይ እንዲጣል ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን በመሄድ የዲሲና የሜሪላንድ ወሰን የሆነውን ኢስተርን አቬኑን መሻገር ይበቃል። ሜሪላንድ በ1994 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከእርሳስ ነጻ መሆኑ ካልተመሰከረለት በስተቀር፣ አሮጌ የኪራይ ቤት በስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ተከራይ በተቀየረ ቁጥርም አዲሱ ከመግባቱ በፊት ፈቃድ ያለው መርማሪ ቀለሙን በዓይን አይቶ፣ የወለሉንና የመስኮቱን ብናኝ በላቦራቶሪ አስመርምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በመጀመሪያ ከ1950 በፊት የተሠሩትን ብቻ ይመለከት የነበረው ይህ ግዴታ ከ2015 ጀምሮ ከ1978 በፊት የተሠሩትን ሁሉ ይመለከታል። ተከራዩ ልጅ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም፤ ዛሬ ብቻውን የገባ ሰው ነገ ሊያገባ፣ ከነገ ወዲያ የእኅቱን ልጆች ሊያመጣ ይችላልና። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ቤቱ ተመርምሮ ሲጠብቃት፣ መንገዱን ተሻግራ ዲሲ የምትኖረው እኅቷ ግን ራሷ ተናግራ፣ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ተከታትላ ማስመርመር የሚኖርባት ለምን እንደሆነ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ግዴታው ከኪራይ ፈቃድ እድሳት ጋር ቢያያዝ ለአፈጻጸም ይመቻል ብዬ አምናለሁ። የብናኝ ምርመራ ማለት ቤቱን ማፍረስ ማለት አይደለም። መርማሪው በተለካ ቦታ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ ጨርቁን ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፣ ውጤቱም በአንድ ካሬ ጫማ በማይክሮግራም ተለክቶ ይመጣል። የፌዴራሉ መንግሥት ለወለል ያስቀመጠውን መጠን በ2001 ከነበረው 40 በ2019 ወደ 10፣ በ2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ወደ 5 አውርዶታል፤ በዓይን ንጹሕ የሚመስል ወለል ይህን መለኪያ ላያልፍ ስለሚችል አከራይም ተከራይም በዓይኑ እንዳይፈርድ ማስረዳት ያሻል።

አከራዮች «ወጪው ያጠፋናል» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ የአንድ ቤት ባለቤት ሲለው ደግሞ አግባብ አለው። ብዙ ሕንፃ ያለው ድርጅትና የቤቱን ዕዳ በቤዝመንቱ ኪራይ የሚከፍል ሰው በአንድ ሚዛን መታየት የለባቸውም። ከተማው ከፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት በሚያገኘው ገንዘብ እየታገዘ ለእርሳስ ማስወገጃ የሚሰጠው ድጎማ አለ፤ ሆኖም ስለዚህ ድጎማ ከጠየቅኋቸው የእኛ አከራዮች ሰምቶ የሚያውቅ አላገኘሁም። ቅጣት ከመምጣቱ በፊት ይህ ገንዘብ መስኮት ለመቀየር ይዋል። ከሁሉም ክፍል ቀለም ፍቆ ከማንሣት ይልቅ የሚፋተጉትን መስኮቶችና በሮች መቀየር፣ የቀረውን በተገቢው መንገድ መሸፈንና ሳይላጥ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አለአግባብ መፋቅ እንዲያውም ካለመንካት የባሰ ጉዳት ያመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለም ቀቢዎቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ተከራይ ሲወጣ ተጠርቶ በሁለት ቀን ቤቱን «የሚያድሰው» ብዙ ጊዜ ከእኛው መካከል የሆነ ባለሙያ ነው፤ የተላጠውን በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ብናኙን በመጥረጊያ ይጠርጋል፣ ነጭ ቀለም ደርቦበት ይሄዳል። ቤቱ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ወለሉ ላይ ያለው እርሳስ ግን ከመታደሱ በፊት ከነበረው በብዙ ሊበልጥ ይችላል። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ካሬ ጫማ በላይ ቀለም የሚነካ ወይም መስኮት የሚቀይር ተቋራጭ ፈቃድ ያለው፣ ሥራውን የሚመራውም የስምንት ሰዓት ሥልጠና የወሰደ እንዲሆን ያዝዛል። በፕላስቲክ መሸፈን፣ እያረጠቡ መፋቅ፣ ደቃቅ ብናኝ በሚይዝ ልዩ ማጣሪያ መምጠጥ የሚማሩት እዚያ ነው። ሥልጠናውን በአማርኛ የሚሰጥ አሠልጣኝ መምሪያው ቢያዘጋጅ፣ የሚጠቀሙት ተከራዮች ብቻ አይደሉም። ሠራተኛው ራሱ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባው ብናኙን በልብሱ ይዞ ነው፤ ልጆቹም ሮጠው የሚያቅፉት ያንኑ ልብስ ነው።

ስለ ቋንቋው ጉዳይ ብዙ አልልም። የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡና አስፈላጊ ሰነዶችን እንዲተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ውል የሚፈረመው በእናንተ ቢሮ አይደለም። በአከራዩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሃያ ገጽ ወረቀት መካከል፣ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ፈርሚ» እየተባለ ነው። የእርሳሱ ቅጽ ከአይጥና ከውሻ ቅጽ ጋር አብሮ ያልፋል። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ከውሉ ፊት እንዲታሰር፣ ይኸው ገጽ ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በስልክ ተደውሎ በድምፅ የሚደመጥ እንዲሆን እጠይቃለሁ። አጥቢያዎቹና መስጊዶቹ፣ እድሮቹና የአማርኛ ሬዲዮዎቹ ብትጠሯቸው የሚመጡ ናቸው።

የእኛ ሰው ስለዚህ ቀለም አለማወቁም ሊያስደንቅ አይገባም። በኢትዮጵያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነበት ደንብ የወጣው በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የመጣው ሁሉ ነገሩን የሚሰማው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። ዲሲ በቆየባቸው ዓመታት የሰማው ካለም ስለ ውኃው ነው፤ ከ2001 እስከ 2004 በቧንቧ ውኃ ላይ የተፈጠረው ቀውስ ብዙ ቤት ውስጥ ማጣሪያ አስገብቷል፤ መስኮቱን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የልጅ ደም ውጤት ከፍ ብሎ ሲገኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከአገር ቤት ስለመጣ ኩልና ቅመም ነው። ሁለቱም እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እናቲቱ ኩሏን ጥላ ስትመለስ መስኮቱ በነበረበት እንዳይቀር ግን ቤቱም በዚያው ቀን ቀጠሮ እንዲያዝለት እለምናለሁ።

ሕጉ እስኪሻሻል ጊዜ እንደሚወስድ ስለማውቅ፣ ይህን ለምታነቡ ተከራዮች፦ መስኮቱንና ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ በሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ጣሉት፤ የሕፃኑን አልጋ ከመስኮት አርቁ፤ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ የልጁን እጅ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት አስታጥቡ፤ ብረትና ካልሲየም ያለው ምግብ ስጡት፣ በባዶ ሆዱ አያምሽ። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም፤ ቀለም ሲላጥ ካያችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀኑንም ጻፉበት። የልጁ ደም በጣቱ ተወስዶ ውጤቱ ከፍ ካለ ደግሞ ከክንዱ ተወስዶ እስኪረጋገጥ ድረስ ሐኪሙን አትልቀቁ።

ለመምሪያው የማቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ ከወዲሁ፣ ያለ ምክር ቤቱ ውሳኔ፣ ሊፈጸም ይችላል ብዬ የማስበው ነው። የደም ውጤቱ ከፍ ያለ ልጅ የተገኘበት ቤት አድራሻ ለእናንተ ይደርሳል። በተያያዥ ቤቶችና በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባሉ አፓርትመንቶች አንዱ ክፍል እንዲህ ከተገኘ፣ በዚያው ዘመንና በዚያው ቀለም የተሠሩት ጎረቤት ክፍሎች የየራሳቸው ልጅ እስኪታመም ሳይጠበቅ፣ በተከራዮቹ ቋንቋ የተጻፈ ማሳሰቢያ በየበራቸው እንዲደርሳቸውና መርማሪም ከአስተርጓሚ ጋር እንዲላክ እጠይቃለሁ። ይህ የሚቻል ወይም የማይቻል መሆኑን፣ የማይቻል ከሆነም የትኛው የሕግ ክፍል እንደሚያግደው በመጥቀስ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በጽሑፍ እንድትመልሱልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር
በፔትዎርዝ ነዋሪ የሆኑ ተከራይና አስተርጓሚ